የመጀመሪያዋ ኳስ ምን ትመሰክራለች?

ጠርጣሪው፦ አንድ ሰው አዲስ የፒንቦል ማሽን ፊት ይቆማል። ሦስት ኳስ ይሰጠዋል፤ ሦስቱንም በደቂቃዎች ውስጥ ያስበላል። ከዚያ ፊቱ በርቶ «ግሩም ማሽን ነው!» ይላል። ምኑን አይቶ? መብራቱ ብልጭ ድርግም አለበት፣ ድምጽ ማጉያው ጮኸበት፣ በልጅነቱ የሚወደው የፊልም ጭራቅ ከመስታወቱ ጀርባ አፈጠጠበት። ጨዋታውን ግን ገና አላየውም። የመጀመሪያ ጨዋታ ስሜት ስለ ማሽኑ ምንም አይመሰክርም ባይ ነኝ።

አድናቂዋ፦ ስለ መብራቱ አልከራከርዎትም ጋሼ። ዓይንና ጆሮ ቶሎ ይታለላሉ፤ እጅ ግን እንደነሱ አይደለም። ቁልፉ ሲጫን ኳሷን የሚመታው ክንድ፣ ፍሊፐሩ፣ ወዲያው ተወረወረ ወይስ አመነታ? ኳሷ ዳገቱን፣ ራምፑን፣ ስትወጣ ጫፉ ላይ አቅም አነሳት ወይስ አልፋ ሄደች? ተመልሳ ስትመጣስ ለሌላው ፍሊፐር ተመቻችታ ደረሰች ወይስ እንደገና ልትባረር ነው? እነዚህን ማስታወቂያ ሊያሳምራቸው አይችልም። ገና በመጀመሪያዋ ኳስ ይታወቃሉ።

ጠርጣሪው፦ ለማን ነው የሚታወቁት? እኛ አገር ጆተኒ የተጫወተ፣ ከረምቡላ የመታ ሰው ሞልቷል። ፒንቦልን ግን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በኮምፒውተር ነው፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ በነበረችው «ስፔስ ካዴት»። የስንቱን ቢሮ ሥራ ስታስተጓጉል የኖረችው እሷ።

አድናቂዋ፦ እሷን ማንሳትዎ ለእኔ ይጠቅመኛል። «ስፔስ ካዴት» እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር ስትዞር ኖራ «ቪስታ» ላይ ጠፋች። የማይክሮሶፍቱ መሐንዲስ ሬይመንድ ቼን ምክንያቱን ጽፎታል። ፕሮግራሙን ወደ 64 ቢት ሲያሻግሩት ኳሷ ዕቃ ሲገጥማት መንጠሯን ተወች፤ ዝም ብላ በውስጡ ታልፍ ጀመር። ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ቶሎ ማግኘት ስላልቻሉ ጨዋታውን ከነአካቴው አወጡት። ሥዕሉም ድምጹም ነጥቡም እንዳለ ነበር። የጎደለው ግጭቱ ብቻ ነው፤ ያለ ግጭት ደግሞ ፒንቦል የለም።

እውነተኛው ማሽን ውስጥ ያለችው ኳስ ብረት ናት። ከዳር እስከ ዳር 27 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ 80 ግራም ገደማ። ሜዳው ሥዕል ታትሞበት በቫርኒሽ የተለበጠ ኮምፔንሳቶ ነው፤ በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ወደ ተጫዋቹ ያዘነብላል። ታች ጫፉ ላይ ሁለት ፍሊፐሮች አሉ፤ በመሀላቸው ክፍተት። ኳሷ ምን ጊዜም ወደዚያ ክፍተት ትመጣለች፣ ተጫዋቹ ምን ጊዜም ይመልሳታል። ስትመታ ግጭቱ በእንጨቱ አልፎ መዳፍ ላይ ይሰማል። ሰው በመጀመሪያ ጨዋታ የሚያገኘው ይህንን ነው።

ጠርጣሪው፦ ይህንንማ ማንኛውም ማሽን ይሰጠዋል! ያልሽው ሁሉ የፒንቦል ባሕርይ እንጂ የዚያ የአዲሱ ማሽን ባሕርይ አይደለም። አዲሱን ከአሮጌው የሚለየውን በአንድ ጨዋታ ማወቅ ይቻላል ወይ ነው ጥያቄው።

አድናቂዋ፦ በ2021 የወጣውን «ጎድዚላ» እንውሰድ። የሠራው ስተርን ነው፣ በቺካጎ አካባቢ ያለው ኩባንያ። ንድፉ የኪት ኤልዊን ነው። ኤልዊን ንድፍ ከመያዙ በፊት በዓለም ካሉት ምርጥ ተጫዋቾች አንዱ ነበር፤ ወደ ሙያው የገባውም «አርቸር» የሚል ማሽን በራሱ ጊዜ ሠርቶ ነው። «ጎድዚላ» ላይ ኳሷ በግራም በቀኝም ራምፕ ብትወጣ ዞራ ወደ ፍሊፐር ትመለሳለች። ተጫዋቹ ሳያቆማት መልሶ ይመታታል፤ ያ ምት ደግሞ ሌላ ምት ይወልድለታል። ሕጉን አንድም አያውቅ ይሆናል። የትኛው ጭራቅ ከየትኛው እንደሚዋጋ፣ ነጥቡ በምን እንደሚባዛ አይገባው ይሆናል። ሜዳው ለእጅ እንደተሠራ ግን አውቋል።

ጠርጣሪው፦ ሕንፃውን ረሳሽው። በውዱ ዓይነት ላይ መሀል ሜዳ የቆመው ሕንፃ ሲመታ ፎቅ በፎቅ ይደረመሳል፣ ድልድዩም ይሰበራል። ሰው የሚያወራው ስለ እሱ ነው። የመጀመሪያው ቀን «ወይ ጉድ!» ያሰኛል። በሁለተኛው ወር ግን ሕንፃው እስኪመለስ መጠበቅ ብቻ ነው።

ጉዳዩ በዚህም አያበቃም። ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣውን ሰው ሆን ብሎ ያባብለዋል። ኳሷ በተለቀቀች በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ከሰመጠች ማሽኑ በነጻ ይመልስለታል፤ ቅጣቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ኳስ በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ የሚፈስበት መልቲቦል በብዙ ማሽኖች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ይቀላል፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሲፈለግ ይከብዳል። ነጻ ጨዋታ የሚያስገኘውን ነጥብ እንኳ ማሽኑ ራሱ የተጫዋቾቹን ውጤት እያየ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ተጠንቶ የተደገሰ ድግስ ነው። የተጋበዘው ሰው «ቤቱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው» ብሎ ቢወጣ ምስክርነቱ ምን ዋጋ አለው?

አድናቂዋ፦ ድግሱ ለምን እንደተደገሰ እንይ እንጂ። በ1931 ዴቪድ ጎትሊብ የሚባል ሰው ቺካጎ ውስጥ «ባፍል ቦል» የሚል የጠረጴዛ ጨዋታ አወጣ። ፍሊፐር የለው፣ መብራት የለው። ሞላውን ስቦ መልቀቅ፣ ኳሷ ምስማር ለምስማር እየተጋጨች የት እንደምትገባ ማየት፤ በቃ። ዋጋው 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ዘመኑ ሥራ የጠፋበት፣ ሰው አንድ ሳንቲም ከማውጣቱ በፊት የሚያስብበት ነው። ከ50,000 በላይ ተሸጠ። የሚገዙት ማሽን ቡና ቤት የሚያስቀምጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ ገቢውን ከባለቤቱ ጋር ይካፈላሉ። የንግዱ ሚስጥር አንድ ነበር፦ አንድ ሳንቲም የከተተ ሰው ሁለተኛውን ካልከተተ ማሽኑ ሞቷል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፒንቦል በመጀመሪያው ጨዋታ እየተፈተነ ነው ያደገው። የመጀመሪያውን ስሜት ዋጋ የለውም ማለት ማሽኑ የተሠራበትን መለኪያ መጣል ነው።

ጠርጣሪው፦ ሁለተኛውን ሳንቲም የሚያስከትት ነገር ሁሉ ጥሩ ከሆነማ የቁማር ማሽን ከሁሉ ይበልጣል። የኒው ዮርኩ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላ ጋርዲያ በ1942 ፒንቦልን ሲያግድ ያለው ይህንኑ ነው፤ የልጆችን ኪስ የሚያራቁት የዕድል ጨዋታ ነው አለ። ፖሊስ ማሽኖቹን በመዶሻ እየሰባበረ ለጋዜጣ ፎቶ ተነሣ። ሰዎች ዛሬ ይስቁበታል። ግን ላ ጋርዲያ ባገደበት ዘመን ማሽኖቹ ፍሊፐር አልነበራቸውም። ፍሊፐር የመጣው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1947 ነው፣ ጎትሊብ «ሃምፕቲ ደምፕቲ»ን ሲያወጣ።

አድናቂዋ፦ ስለዚህ ከ1947 በኋላ ላ ጋርዲያ ተሳስቷል ማለት ነው።

ጠርጣሪው፦ ለአዋቂው ተሳስቷል። ለጀማሪው ግን ዛሬም ልክ ነው! ፍሊፐር መኖሩ ብቻ ምን ያደርጋል? ጀማሪ ሁለቱንም ቁልፍ በአንድ ላይ ይጫናል፤ ኳሷም በመሀል ትሰምጣለች። መቼ መጠበቅ፣ መቼ መያዝ፣ የትኛውን ጫፍ መጠቀም እንዳለበት አያውቅም። ኳሷ ራምፕ ላይ ብትወጣ በአጋጣሚ ወጣች፣ ብትሰምጥም በአጋጣሚ ሰመጠች። ያ ሰው የተጫወተው ዕድሉን ነው። ዕድል የቀናው «ግሩም ማሽን» ይላል፣ ያልቀናው «ሌባ ማሽን» ይላል።

አድናቂዋ፦ እገዳው እንዴት እንደተነሣ ያውቃሉ አይደል? በ1976 የከተማው ምክር ቤት ኮሚቴ ጉዳዩን ሲያይ ሮጀር ሻርፕ የሚባል ወጣት ጸሐፊ ማሽን ፊት አቆሙት። ፒንቦል የችሎታ ጨዋታ መሆኑን በእጁ እንዲያሳይ ነው። ሁለት ማሽን ተዘጋጅቶ ነበር፤ አንዱ ዋናው፣ ሌላው መጠባበቂያ። ከኮሚቴው አንዱ ዋናው ላይ ተንኮል ተሠርቶ እንዳይሆን ጠረጠረና መጠባበቂያው ላይ ተጫወት አለው። ሻርፕ ተጫወተ። መጨረሻ ላይ ሞላውን ይዞ፣ ኳሷ ከላይ ካሉት መተላለፊያዎች በመሀለኛው ትገባለች ብሎ አስቀድሞ ተናገረ። ለቀቃት፤ ገባች። ኮሚቴው እገዳው እንዲነሣ ወሰነ።

የሻርፕ እጅ ከማሽን ወደ ማሽን የሚሻገር ዕውቀት ይዞ ነበር። ስለዚህ «የመጀመሪያ ጨዋታ» ስንል የማን የመጀመሪያ ነው? ሰው ከማሽኑ ጋር አዲስ ሲሆንና ከፒንቦል ጋር አዲስ ሲሆን ይለያያል። እርስዎ ያሉት የሁለተኛውን ነው። የለመደ ተጫዋች ግን አዲስ ማሽን ላይ የሚጫወታት የመጀመሪያ ኳስ ባዶ አይደለችም። ራምፑ ጠባብ ነው ወይስ ሰፊ፣ ምቱ ከፍሊፐሩ መሀል ነው ወይስ ከጫፉ፣ ጎንና ጎን ያሉት ላስቲኮች ኳሷን ወዴት ይረጫሉ? በደቂቃዎች ያነብበዋል።

ጠርጣሪው፦ እሺ፣ ይህን እቀበላለሁ። ግን ዋጋውን አስቢው። የባለሙያው የመጀመሪያ ስሜት የሚያገለግለው ባለሙያውን ነው ማለትሽ ነው። ቡና ቤት ጎራ ብሎ ሳንቲም ለሚከትተው ሰው ምን ይነግረዋል?

ሜካኒኩ፦ ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባና። ሁለታችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። ማሽኑን የገጠመውን ሰው።

ጠርጣሪው፦ ግባ፣ ግባ። መጥተህ ባትገላግለን ማታ ድረስ እዚሁ ነን።

ሜካኒኩ፦ ገላጋይ አይደለሁም ጋሼ፣ ነገር ልጨምር ነው የመጣሁት። ያ የተባለው 6 ዲግሪ ተኩል ከፋብሪካ ተቆልፎ አይመጣም። እግሮቹ ሥር ባሉት ብሎኖች የሚስተካከል ነው። ኋላው ትንሽ ከፍ ሲል ኳሷ ትፈጥናለች፤ ዝቅ ሲል ትንቀራፈፋለች። ወለሉ ወደ ግራ ካዘነበለ ኳሷ ሁሉ ወደ ግራው ጉድጓድ ትሄዳለች፤ ተጫዋቹም ንድፍ አውጪውን ይረግማል። ብዙ ማሽኖች ላይ ትንሽ ውሃ ልክ ተለጥፏል፤ የሚያያት ግን ጥቂት ነው።

ፍሊፐሩን ደግሞ እንይ። ከሥሩ የሚያንቀሳቅሰው የመዳብ ጥቅል ነው። በተለመደው አሠራር ሁለት ጥቅል ሽቦ አለው፤ አንዱ ብርቱ፣ አንዱ ደካማ። ብርቱው ፍሊፐሩን ይወረውረዋል። ጫፍ ላይ ሲደርስ ማብሪያ ማጥፊያ ብርቱውን ያቋርጥና ደካማው ይዞት ይቆያል፤ አለዚያ ጥቅሉ ይቃጠላል። ያ ማብሪያ ማጥፊያ ከቆሸሸ ወይም ጥቅሉ ከሞቀ ፍሊፐሩ ይለግማል። ያን ጊዜ ልጅቷ «ኳሷ ራምፑ ጫፍ ላይ አቅም አነሳት» ትላለች። ራምፑ ምን አደረገ?

አድናቂዋ፦ ይህ ግን ለአሮጌ ማሽን ነው። የምናወራው ስለ አዲስ ነው።

ሜካኒኩ፦ አዲሱም የራሱ ጣጣ አለው። ሜዳው ገና ለስላሳ ነው፣ ላስቲኮቹ ገና ያነጥራሉ፣ ኳሶቹ አልተጫጫሩም፤ ጨዋታው ከመጠን በላይ ይፈጥናል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከጥቅሎቹ የሚወጣ ጥቁር ብናኝ ሜዳው ላይ ይቀመጣል፣ ኳሷ ትከብዳለች። አጽድቶ ሰም የሚቀባው ካለ ይመለሳል፤ ከሌለ አይመለስም። አዲስ ቫርኒሽ ላይ ኳሷ ከፍ ብላ ስትወድቅ ትንንሽ ጎድጓዳ ምልክት ትተዋለች። ብዙ ሺህ ዶላር የከፈለ ሰው ያንን በመጀመሪያው ሳምንት ሲያይ ደንግጦ ይደውላል። እየተጫወቱበት ሲሄድ ሜዳው ይመሳሰላል፤ ይህን የሚነግረው ሰው ግን የለም።

ቱምቢውስ? ማሽኑ ውስጥ አንድ ቱምቢ በብረት ቀለበት መሀል ተንጠልጥሎ አለ። ተጫዋቹ ማሽኑን አለቅጥ ከገፋው ቱምቢው ቀለበቱን ይነካል፣ ፍሊፐሮቹ ይሞታሉ፣ ኳሷም ትሰምጣለች። ቲልት ይባላል። ኳሷን ለማዳን ማሽኑን ትንሽ ገፋ ማድረግ የጨዋታው ግማሽ ነው። ምን ያህል መግፋት እንደሚፈቀድ የሚወስነው ግን ቱምቢውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ባለቤቱ ነው። አንድ ዓይነት ማሽን በሁለት ቤት ሁለት ጨዋታ ነው።

ጠርጣሪው፦ ይኸው! የመጀመሪያ ስሜት ስለ ማሽኑ ሳይሆን ስለ ጠባቂው ነው የሚመሰክረው።

ሜካኒኩ፦ እንደሱም አላልኩም። የተበላሸ ማሽን ጥሩውን ንድፍ ይደብቃል፤ በደንብ የተያዘ ማሽን ግን መጥፎውን ንድፍ ጥሩ አያደርገውም።

አድናቂዋ፦ ተባረክ። በደንብ በተያዘ ማሽን ላይ ከሆነስ? የእኔ ክርክር ይቆማል?

ጠርጣሪው፦ አይቆምም፤ ሌላ ጉድ አለና። የዛሬ ማሽን ተጠናቆ አይወጣም። ሃርድዌሩ ይሸጣል፣ ሶፍትዌሩ ከኋላ በጊዜው ይመጣል። «ጎድዚላ»ም ከወጣ በኋላ ደጋግሞ ታድሷል። ስተርን ከ2021 ጀምሮ ማሽኖቹን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቷል፤ ተጫዋቹ ስልኩ ላይ ያለውን ኮድ አሳይቶ ይገባል፣ ውጤቱም ይመዘገብለታል። እንግዲህ በመጀመሪያው ወር የተጫወተ ሰው ስለየትኛው ማሽን ነው የሚያወራው? ያልተጻፈ ሕግ፣ ያልተጨመረ ድምጽ፣ ነገ የሚቀየር ነጥብ። ያላለቀ መጽሐፍ ላይ ሂስ ይጻፋል?

አድናቂዋ፦ ሶፍትዌር ነጥብ ይቀይራል እንጂ ራምፕ አያንቀሳቅስም። ሜዳው አንዴ ከተቆፈረና ብሎኑ ከታሰረ ፍሊፐሩ ያለበት ቦታና የምቱ ማዕዘን ያው ነው። በመጀመሪያው ቀን የተሰማው ምቾት ወይም ጭንቀት በዓመቱም አለ። ስለዚህ በመጀመሪያው ጨዋታ ሊፈረድ የሚገባው የማይቀየረው ነው።

ጠርጣሪው፦ ታዲያ የማይቀየረው ብቻ ከበቃ በ1993 የወጣውን «ትዋይላይት ዞን»ን ምን ታደርጊዋለሽ? ንድፉ የፓት ሎውለር ነው፤ ከዚያ በፊት በ1992 «አዳምስ ፋሚሊ»ን የሠራው። «አዳምስ ፋሚሊ» 20,270 ተሸጧል፤ በኤሌክትሮኒክስ ዘመን ከተሠሩት ማሽኖች የሚተካከለው የለም። ከዚያ ሎውለር ነጻነት ተሰጠውና «ትዋይላይት ዞን» ውስጥ ያሰበውን ሁሉ ጨመረ። የሚሠራ ሰዓት፣ ኳስ የሚያወጣ የማስቲካ ማሽን፣ በማግኔት ብቻ የሚጫወቱበት ትንሽ ሜዳ። ከብረት ኳሶቹ መሀል ደግሞ አንዷ ሴራሚክ ናት፤ ነጭ፣ ቀለል ያለች፣ ማግኔት የማይዛት። እንግዳ ሰው ፊቱ ቢቆም ምን ይገባዋል? ነጯ ኳስ ለምን እንደምትበር እንኳ አያውቅም። ግን ዛሬ አዋቂዎች ከምርጦቹ መሀል የሚያስቀምጡት ማሽን ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ቢፈረድበት ይወድቅ ነበር።

አድናቂዋ፦ 15,235 መሸጡን ግን አልነገሩንም። ውድቀት አይመስለኝም።

ጠርጣሪው፦ የቀዳሚው ስም ሸጠው። ነጋዴው «የአዳምስ ፋሚሊው ሰውዬ አዲስ አወጣ» ሲባል ሳያይ ገዛ።

አድናቂዋ፦ ሊሆን ይችላል። እኔም የራሴን ልምጣ። በ1997 የወጣው «ሜዲቫል ማድነስ»፣ የብራያን ኤዲ ንድፍ። ሜዳው መሀል ቤተ መንግሥት ቆሟል። ማንም ሰው ምንም ሳያነብ ያንን መምታት እንዳለበት ያውቃል። ይመታል፤ መሻገሪያው ይወርዳል፤ እንደገና ይመታል፤ ግንቡ ይናጋል። ቀልዱን ከሚያሰሙት ድምጾች አንዷ ቲና ፌይ ናት፤ ያኔ ቺካጎ ውስጥ በ«ሰከንድ ሲቲ» የቀልድ መድረክ የምትሠራ፣ ገና ዓለም ያላወቃት። ይህ ማሽን በመጀመሪያዋ ኳስ ይወደዳል። በሺኛዋም ይወደዳል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ኩባንያ እንደገና ሠርቶ ለገበያ አቀረበው።

ጠርጣሪው፦ በጊዜው ስንት ተሸጠ?

አድናቂዋ፦ 4,016።

ጠርጣሪው፦ አየሽ? የመጀመሪያው ስሜት ያን ያህል ኃይል ካለው፣ ነጋዴውም የሚገዛው በእሱ ከሆነ፣ ከምርጦቹ አንዱ ለምን የ«አዳምስ ፋሚሊ»ን ሩብ እንኳ አልሸጠም?

ሜካኒኩ፦ ገበያው ወድቆ ነበር ጋሼ። ልጁ ሁሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ ፕሌይስቴሽን ይጫወታል። ቡና ቤቱም ሳያስጠግን የሚሠራ ማሽን ነው የሚፈልገው። በ1997 ማንም ቢሠራው 20,000 አይሸጥም።

ጠርጣሪው፦ ይሁን። እንግዲያው ከሁሉ የከበደውን ላምጣ። በ1999 ዊሊያምስ የሚባለው ኩባንያ «ፒንቦል 2000» የሚለውን አወጣ። የስክሪን ምስል በመስታወት ላይ እየተንጸባረቀ ሜዳው ላይ የቆመ ይመስላል። «ሪቬንጅ ፍሮም ማርስ» ላይ የማርስ ሰዎች ራምፖቹ መሀል ይራመዳሉ፤ እውነተኛዋ የብረት ኳስ ስትደርስባቸው ይፈነዳሉ። እንዲህ ያለ የመጀመሪያ ስሜት ፒንቦል አሳይቶ አያውቅም። የንድፉ ባለቤት ጆርጅ ጎሜዝ ነው፣ በኋላ ስተርን የገባው፤ ችሎታ የለውም የሚል የለም። ሁለት ማሽን ወጣ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ዊሊያምስ የፒንቦል ክፍሉን ዘጋ። በዓለም ትልቁን!

አድናቂዋ፦ የተዘጋው ግን ማሽኑ ስለተጠላ አይደለም። ኩባንያው የቁማር ማሽን ይሠራ ነበር፤ ገንዘቡ እዚያ ነበር። ፒንቦል ትርፉ ቀጭን ነው።

ጠርጣሪው፦ አልተጠላም፤ እኔም ያንን ነው የምለው። የመጀመሪያው ስሜት ወደር አልነበረውም፤ ያድነው ግን አልቻለም። አንቺ ደግሞ ፒንቦል የሚቆመው በመጀመሪያው ጨዋታ ነው ብለሽኛል።

አድናቂዋ፦ ቡና ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ ነው ያልኩት። ከ1999 በኋላ ማሽኑ ቀስ በቀስ ወደ ሳሎን ገባ። ያኔ ብቻውን የቀረው ስተርን ለዓመታት በትንሽ በትንሹ ሠራ። በ2011 ጀርዚ ጃክ የሚባል ኩባንያ መጣ፤ በ2013 ትልቅ ስክሪን የተገጠመለትን «ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» አወጣ። ገዢው ነጋዴ መሆኑ ቀረ፤ ለቤቱ የሚገዛ ሰው በዛ።

ጠርጣሪው፦ እዚህ ላይ ደረስሽልኝ። ለቤቱ የሚገዛው ሰው ፈተናውን ገልብጦታል። ስተርን በ2024 ያወጣውን «ጆውስ» ተመልከቺ። ያኔ ዝቅተኛው 6,999 ዶላር፣ የተወሰነ ብዛት ብቻ የተሠራው ዓይነት 12,999 ነበር። ያ ውዱ 1,000 ብቻ ነው የተሠራው። እንዲህ ያለው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ገዢው ቁልፉን በእጁ ሳይጫን ነው የሚያዘው። ቪዲዮ ያያል፣ ሥዕሉን ያያል፣ ሳያልቅብኝ ብሎ ይከፍላል። የመጀመሪያው ስሜት ከጨዋታው በፊት ተሽጦ አልቋል። አንቺ «እጅ አይታለልም» ትያለሽ፤ እጅ የተጠየቀው የት ነው?

አድናቂዋ፦ ይህ ለእኔ ነው የሚመሰክረው! እጅ ቢጠየቅ ኖሮ ስንቱ ባልገዛ። ዝቅተኛው ዓይነት እኮ ቡና ቤትና ጌም ቤት ይቀመጣል። ሄዶ ሳንቲም መክተት ይቻላል። የ«ጎድዚላ» ሕንፃ አይደረመስም ይሆናል፤ ዋና ዋናዎቹ ምቶች ግን ያው ናቸው። 12,999 ዶላር ከማውጣት በፊት አንድ ዶላር ማውጣት ምን ይከብዳል?

ጠርጣሪው፦ ያንን አድርጎ ዝቅተኛውን ቢወደውስ? በ6,000 ዶላሩ ልዩነት ምን ይገዛል? ያንኑ እኔ የምንቀውን ግርግር!

አድናቂዋ፦ ለእንግዳ ይሆነዋላ። ባለቤቱ ግርግሩን ከለመደው ቆይቷል። ቤቱ የሚመጣው ሰው ግን እያንዳንዱ የመጀመሪያ ጨዋታውን ነው የሚጫወተው።

ጠርጣሪው፦ እንግዳ ሦስት ኳስ አስበልቶ ወደ እራቱ ይሄዳል።

ሜካኒኩ፦ ይሄዳል ብቻ? ሁለቱንም ቁልፍ አንድ ላይ ጨምቆ ይዞ እያወራ ነው የሚቆመው። በማግስቱ የሚደወልልኝ እኔ ነኝ፤ «ሕንፃው ወድቆ አልነሣ አለ» ይሉኛል።

አድናቂዋ፦ ተነሣ ግን?

ሜካኒኩ፦ ከሥሩ የወለቀ ሽቦ ነበር። መልሼ ሰካሁትና ለሙከራ አንድ ኳስ ለቀቅሁ።

ጠርጣሪው፦ አንድ ብቻ?

ሜካኒኩ፦ የሰዓቱ ሒሳብ በባለቤቱ ላይ ነው ጋሼ፤ ያንን አልጠየቀኝም።